ከኮምፒውተሩ በፊት ፋይሉ

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆን አዲስ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ስለ መምረጥ ነው። ሠርግ የሚቀርጹ፣ ለዩቲዩብ የሚሠሩ፣ የቤተ እምነት መርሐ ግብር የሚያቀናብሩ፣ ዘጋቢ ፊልም የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ይህን ፕሮሰሰር፣ ይህን ግራፊክስ ካርድ፣ ይህን ያህል ራም ግዙ ይባላሉ። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ ለጌም ተጫዋቾች ከተዘጋጀ ምክር የተቀዳ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘቡን የሚያፈሰው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። እኔ ዛሬ የማስረዳው ሌላ መነሻ አለ። ለኤዲቲንግ የሚሆን ኮምፒውተር መመረጥ ያለበት ካሜራው ከሚያወጣው ፋይል ተነሥቶ ነው። የፋይሉን ጠባይ የማያውቅ ገዢ ብዙ ገንዘብ ከፍሎም የሚንቀራፈፍ ማሽን ይዞ ሊገባ ይችላል፤ የሚያውቅ ግን በመጠነኛ ዋጋ የሚያሠራውን ያገኛል። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የኮምፒውተር ክፍሎች ደግሞ በሙሉ በዶላር የሚገቡ ናቸው። በዚህ ዋጋ ላይ የተሳሳተ ምርጫ ለመድገም የሚበቃ ኪስ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። በ4ኬ የተቀረጸ አንድ ምስል በአግድም 3,840፣ በቁም 2,160 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ ከ8 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ይሆናል፤ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ቢይዝ፣ አንዱ ምስል ብቻውን ወደ 25 ሜጋባይት ይደርሳል። በሰከንድ 25 ምስል ስንቀርጽ በየሰከንዱ ከ600 ሜጋባይት በላይ መጻፍ ይኖርብናል ማለት ነው። ይህ በትንሽ ሚሞሪ ካርድ የሚቻል ስላልሆነ ካሜራው ምስሉን ይጨምቀዋል። ብዙ ካሜራዎች 4ኬን በሰከንድ 100 ሜጋቢት አድርገው ይመዘግባሉ፤ በባይት ስናሰላው በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው። ከመነሻው 50 ጊዜ ያህል አነሰ። ይህን የመጨመቂያና የመፍቻ ስልት ኮዴክ እንለዋለን፤ በስልኮቻችንና በካሜራዎቻችን ላይ በብዛት ያሉት ኤች 264 እና ኤች 265 የሚባሉት ናቸው።

ታዲያ የዚህ ሁሉ መጨመቅ ዕዳ የሚከፈለው ኤዲቲንግ ላይ ነው። እነዚህ ኮዴኮች እያንዳንዱን ምስል ሙሉውን አያስቀምጡም። አንዱን ምስል ሙሉ አድርገው ይጽፉና፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጡት በርካታ ምስሎች ከጎረቤታቸው የተለየውን ለውጥ ብቻ ይመዘግባሉ። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከታታይ ለሚያይ ተመልካች ይህ ምንም ችግር አያመጣም። ኤዲተር ግን በተከታታይ አያይም። መሃል ላይ ይዘላል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ አንዲት ምስል ላይ ቆሞ ይቆርጣል። ኮምፒውተሩ ያቺን አንዲት ምስል ለማሳየት ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ምስል መፈለግ፣ ከዚያ በመካከል ያሉትን ለውጦች አንድ በአንድ እያሰላ መድረስ አለበት። የሦስት ካሜራ ቀረጻ በአንድ ታይምላይን ላይ ሲደረደር ይኸው ሥራ በሦስት ይባዛል። ፊልም ያለ ምንም እንከን የሚያጫውት ኮምፒውተር ኤዲቲንግ ላይ የሚደነቃቀፈው ስለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚጠረጥሩት ሃርድ ዲስኩን ነው፤ ነገር ግን ደህና ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ያህል ማንበብ ይችላል፤ የኛ ፋይል የሚጠይቀው 12.5 ነው። የተጨናነቀው መንገዱ ሳይሆን ጭምቁን የሚፈታው ክፍል ነው።

ፕሮሰሰሩ ይህን የመፍታት ሥራ በራሱ ጉልበት ሊሠራው ይችላል፤ ግን ይደክማል። ስለዚህ የቺፕ አምራቾች ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ክፍል ማስገባት ጀመሩ። ኢንቴል በ2011 ኩዊክ ሲንክ ብሎ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ላይ አስገባው፤ ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲና አፕልም የየራሳቸው አላቸው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ጭብጥ ያለው እዚህ ላይ ነውና በደንብ ስሙኝ፦ ይህ መፍቻ ክፍል ሁሉንም ዓይነት ፋይል አያውቅም። የሚያውቀውን ዓይነት ሲያገኝ ሥራው ይቀላጠፋል፤ የማያውቀውን ሲያገኝ ሸክሙ ተመልሶ ፕሮሰሰሩ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ስልክ የሚያወጣውን ተራ ኤች 264 ወይም ኤች 265 ሁሉም ያውቁታል። እንደ ሶኒ ኤ7 4 ወይም ካኖን አር6 ያሉ ካሜራዎች ግን የቀለም መረጃውን አብዝተው በ10 ቢት፣ አራት ሁለት ሁለት በሚባለው አያያዝ መቅረጽ ይችላሉ። ቀለም ማስተካከል የሚወዱ ባለሙያዎች ይህን ይመርጣሉ፤ ተገቢም ነው። አሁን ማሽኖቹን እናወዳድር። ኤንቪዲያ በጥቅምት 2022 አርቲኤክስ 4090 የተባለውን ግራፊክስ ካርድ ሲያወጣ መነሻ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር። ይህ ካርድ አራት ሁለት ሁለት የሆነን ኤች 265 በመፍቻ ክፍሉ መፍታት አይችልም። ኤንቪዲያ ይህን ችሎታ ለተራው ገበያ ያመጣው በጥር 2025 በጀመረው የ50 ተከታታይ ካርዶቹ ነው። በአንጻሩ የኢንቴል የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከ11ኛው ትውልድ፣ ማለትም ከ2021 ጀምሮ ይችሉታል። ሲወጣ ዋጋው 200 ዶላር ገደማ የነበረው የ12ኛው ትውልድ ኮር አይ5 12400 ይህን ፋይል ሲፈታ፣ ስምንት እጥፍ የሚያወጣው ካርድ ለዚህ ለአንዱ ጉዳይ ምንም አይረዳም።

በዚሁ ፕሮሰሰር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 12400 ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ ኤፍ የሚል ፊደል ያለበትን ብትገዙ በውስጡ የሚሠራ ግራፊክስ የለውም፤ ግራፊክሱ ከሌለ ኩዊክ ሲንክም የለም። ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ ፊደልና በጥቂት ዶላር ነው። ለጌም ተጫዋች ኤፍ የሚለው ብልህ ቁጠባ ነው፣ የራሱን ካርድ ይሰካልና። አራት ሁለት ሁለት ለሚቀርጽ ኤዲተር ግን ከሁሉ የሚፈልገውን ክፍል ማጣት ነው። ደግሞም ፋይሉን በደንብ ማወቅ ሌላም ወጪ ያድናል። ከላይ የጠቀስኩት የሶኒ ካሜራ ያንኑ የቀለም ጥራት በኤች 264ም በኤች 265ም ሊቀርጽ ይችላል፤ የ12ኛው ትውልድ ኢንቴል ኤች 265ቱን ይፈታል፣ የኤች 264ቱን አራት ሁለት ሁለት ግን አይፈታም። እንዲህ ባለው ጊዜ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት የካሜራውን ሴቲንግ መለወጥ ይበቃ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፦ ሰው ዛሬ በሚቀርጽበት ካሜራ ላይ ተመሥርቶ ኮምፒውተር ቢገዛ፣ ነገ ካሜራውን ሲለውጥ ወይም ሌላ ሰው የቀረጸውን ፋይል ሲያመጣለት ምን ይውጠዋል? ጠንካራ ጥያቄ ነው። መልሱ ፕሮክሲ በሚባለው አሠራር ውስጥ አለ። ፕሮክሲ ማለት ፕሮግራሙ ከዋናው ፋይል የሚያዘጋጀው ቀለል ያለ ቅጂ ነው፤ መጠኑ ያነሰ፣ እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ሙሉ ሆኖ የተቀመጠበት፣ ለመፍታት የማያስቸግር። ኤዲተሩ ቀኑን ሙሉ የሚቆርጠው በቅጂው ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ኤክስፖርት ሲያደርግ ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል፤ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ሙሉው ጥራት ነው። አዶቤ ፕሪሚየር ይህን አሠራር በ2016 አካቶታል፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭና ፋይናል ከት ፕሮም አላቸው።

የዚህ አሠራር ብርታት በአንድ ፊልም ይታያል። የደቡብ ኮሪያዊው ዳይሬክተር የቦንግ ጁን ሆ «ፓራሳይት» በየካቲት 2020 የምርጥ ፊልም ኦስካርን ጨምሮ አራት ሽልማት አግኝቷል፤ በኤዲቲንግ ዘርፍም ታጭቶ ነበር። ኤዲተሩ ያንግ ጂን ሞ የሠራበት ፕሮግራም ፋይናል ከት ፕሮ 7 ነው። ይህ ፕሮግራም በ2009 ወጥቶ አፕል በ2011 መሸጡን ያቆመው ነው። የተሠራው በ32 ቢት ስለሆነ ኮምፒውተሩ ምንም ያህል ራም ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም። ፊልሙ የተቀረጸው ደግሞ አሪ አሌክሳ 65 በተባለ፣ ምስሉ ከ6ኬ በላይ በሆነ ትልቅ ካሜራ ነው። ይህን የመሰለ ምስል በዚያ ፕሮግራም በቀጥታ ማረም አይሞከርም፤ መንገዱ ቀለል ያሉ ቅጂዎች ነበሩ። በዓለም ዙሪያ የተወደሰውን የዚያን ፊልም አቆራረጥ አሮጌ ፕሮግራም አላገደውም።

እርግጥ ፕሮክሲ በነጻ አይገኝም። ቅጂውን ለማዘጋጀት ሰዓታት ይወስዳል፤ ቦታም ይይዛል። ዛሬ ተቀርጾ ዛሬ ማታ መተላለፍ ያለበት ዜና ላይ ለሚሠራ ሰው ያ ጊዜ የለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ፋይሉን በቀጥታ የሚፈታ ማሽን መግዛቱ ትክክል ነው፣ ገንዘቡም እዚያ ይዋል። ለሠርግ፣ ለዘጋቢ ፊልምና ለአብዛኛው የዩቲዩብ ሥራ ግን ቅጂው ማታ ተጀምሮ ሲነጋ ያልቃል። ቦታውን በተመለከተ፣ ፕሮሬዝ ፕሮክሲ የተባለው ኮዴክ በፉል ኤችዲ፣ በሰከንድ 25 ምስል፣ ለአንድ ሰዓት 17 ጊጋባይት ገደማ ነው። ዋናው የ4ኬ ፋይል በ100 ሜጋቢት ሲሆን ለአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሆናል። ጭማሪው የሚቻል ነው። በስልክ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ ቅጂውን ማዘጋጀት ሌላ ጥቅም አለው። ብዙ ስልኮች የምስሉን ብዛት በየሰከንዱ እኩል አድርገው አይቀርጹም፤ ቀረጻው ሲረዝም ድምፁና የተናጋሪው ከንፈር ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን አስቀድሞ ወደ ወጥ ፍጥነት መለወጥ ይህን ችግር ከመነሻው ይፈታል፤ ለዚህ ችግር ኮምፒውተር የቀየሩ ሰዎች ካሉ ገንዘባቸው አላግባብ ወጥቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከግራፊክስ ካርድ ወዳጆች የሚመጣ ነው፤ እሱም እውነት አለው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ቀለም የሚያስተካክለው፣ የጨለማ ቀረጻን ነጠብጣብ የሚያጠራው፣ ኢፌክቶችን የሚያሰላው በዋናነት በግራፊክስ ካርዱ ነው። በፕሪሚየርም ብዙ ኢፌክቶች ካርዱን ይጠቀማሉ። ሥራችሁ ቀለም ከሆነ፣ ወይም በየሥራችሁ ላይ ጥላሸት የመሰለውን የምሽት ቀረጻ ማጥራት ካለባችሁ፣ ካርዱ ላይ ማውጣት ትክክል ነው። ይሁንና በዚያም ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የካርዱ የራሱ ሚሞሪ ነው። ለ4ኬ ሥራ 8 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ 12 ቢሆን እፎይ ያሰኛል። የካርዱ ሚሞሪ ሲሞላ ሪዞልቭ ቀርፋፋ ከመሆን አልፎ ሥራውን አቁሞ ሚሞሪው መሙላቱን በጽሑፍ ይነግራችኋል። ፈጣን ሆኖ 8 ጊጋ ብቻ ካለው ካርድ ይልቅ እንደ አርቲኤክስ 3060 ያለ፣ መጠነኛ ፍጥነት ኖሮት 12 ጊጋ የያዘ ካርድ ለኤዲተር የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ቆርጦ መቀጠል፣ ድምፅ ማስተካከል፣ ጽሑፍ መጻፍና መጠነኛ ቀለም ለሚበዛበት ሥራ ግን ከመካከለኛ ካርድ በላይ የሚወጣው ገንዘብ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ከገንዘቡ ጥቂቱን ቀለም በትክክል ለሚያሳይ አይፒኤስ ሞኒተር ብታደርጉት የተሻለ ነው፤ ሞኒተሩ የሚዋሽ ከሆነ የቀለም ሥራው ሁሉ በግምት ነው።

ስለ ራም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለ4ኬ ሥራ 32 ጊጋባይት በቂ መነሻ ነው፤ በ16 ፉል ኤችዲ መሥራት ይቻላል፤ አፍተር ኢፌክትስ በተባለው ፕሮግራም ላይ የሚውሉ ሰዎች ግን 64 ቢሆንላቸው አይቆጩም። ሁለት ተመሳሳይ ራም መሰካት አንድ ትልቅ ከመሰካት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባልና። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሚሞሪውን እየወሰዱት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቧል፤ ስለዚህ ማዘርቦርዱ አራት መሰኪያ እንዲኖረው አድርጋችሁ ዛሬ 32 ገዝታችሁ፣ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ያስኬዳል። ዴስክቶፕ ከላፕቶፕ የሚሻልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው በየጊዜው ማሳደግ መቻሉ ነው።

ማከማቻው ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል፤ ገዢዎች የሚሳሳቱት በሁለቱም አቅጣጫ ነውና። አንዳንዱ በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት የሚያነብ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ገዝቶ ፋይሉ 12.5 ብቻ ይጠይቀዋል። ሌላው ደግሞ ሁሉን በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ያጭቃል፤ ዊንዶውሱም፣ ፕሮግራሙም፣ ቀረጻውም፣ ፕሮግራሙ ለራሱ የሚጽፋቸው ጊዜያዊ ፋይሎችም በአንድ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይጋፋሉ። ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲያነብ ደህና ነው፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሲዘል ግን መርፌው እስኪደርስ በየጊዜው 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይባክናል፤ ኤዲቲንግ ደግሞ ዝላይ የበዛበት ሥራ ነው። ለዊንዶውስ፣ ለፕሮግራሞችና ለጊዜያዊ ፋይሎች አንድ ደህና ኤንቪኤምኢ፣ በሥራ ላይ ላለው ቀረጻ አንድ ተራ ኤስኤስዲ፣ ላለቀና ለመጠባበቂያ ርካሹን ሃርድ ዲስክ ማድረግ ሁሉንም በአቅሙ ማሠራት ነው። በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ የሚያነበው ተራው ሳታ ኤስኤስዲ የበርካታ ካሜራዎችን ፋይል በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ፕሮሬዝ 422 ለሚቀርጹ እንኳ፣ 4ኬው በሰከንድ 25 ምስል ሲሆን 61 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ለእነሱ የሚከብደው ፍጥነቱ ሳይሆን ለአንድ ሰዓት 221 ጊጋባይት መያዙ ነው። መጠባበቂያውንም ከኮምፒውተሩ ዋጋ ጋር አብራችሁ አስሉት። ሠርግ ድጋሚ አይቀረጽም፤ ሙሽሪትም እንደገና ጥሎሽ አትቀበልም። ቀረጻው በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ሳይቀመጥ ሚሞሪ ካርዱን ማጥፋት ከየትኛውም የኮምፒውተር ብልሽት የከፋ ጉዳት ያስከትላል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ዓይነት ቁጠባ መመከር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ማክ ሚኒ ገዝቼ ብገላገልስ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። በ2024 መጨረሻ የወጣው ኤም4 ማክ ሚኒ በአሜሪካ መነሻ ዋጋው 599 ዶላር ነበር፤ ከ16 ጊጋባይት ሚሞሪ ጋር። ኤች 264ን፣ ኤች 265ን ከነአራት ሁለት ሁለቱ፣ ፕሮሬዝንም የሚፈታ ክፍል በውስጡ አለው፤ ኤሌክትሪክ የሚፈጀውም ጥቂት ነው። እስካሁን ከተናገርኩት ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም ያጠናክረዋል፣ ይህች ትንሽ ማሽን ኤዲቲንግ ላይ ከግዙፍ ዴስክቶፖች ጋር የምትፎካከረው ፋይሉን መፍታት ስለምታውቅ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ከዚያም ለአገር ቤት ዘመድ ዕቃ ለሚልኩ ጥሩ ምርጫ ናት። ድክመቷን ግን አውቃችሁ ግዙ፤ ሚሞሪው ከቺፑ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ከግዢ በኋላ አይጨመርም፤ በመነሻ ዋጋዋ የወጣችበት 256 ጊጋባይት ማከማቻም የጥቂት ሰዓት 4ኬ ቀረጻ ይሞላዋል፤ የውጭ ኤስኤስዲ የግድ ነው። አንድ ክፍል ሲበላሽ ለይቶ መቀየርም እንደ ተራው ዴስክቶፕ አይደለም።

ያገለገለ ወይም ታድሶ የሚሸጥ ዴስክቶፕ የሚያስቡ ሦስት ነገር ይመርምሩ። ከቢሮ የወጡ የዴል ወይም የኤችፒ ኮምፒውተሮች በርካሽ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸውና መሰኪያው የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ በኋላ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ልጨምር ሲባል እንቢ ይላሉ። ሁለተኛ፣ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ከፍተኛ ፕሮሰሰሮች በቮልቴጅ ስሕተት ምክንያት እየተጎዱ መሆናቸው በ2024 ታውቋል፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ነሐሴ ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው አዲስ ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የደረሰውን አይመልስም፤ ስለዚህ ያገለገለ 13900 ወይም 14900 መግዛት አልመክርም። ሦስተኛ፣ ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው፣ ወደ 230 ሳይዞር በኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል። አዳዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ፤ ጽሑፉ ጎናቸው ላይ አለ።

ስለ ኤሌክትሪክ ካነሣን፣ ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋል፣ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ይሻላል የሚሉ ሰዎች ያላቸው ጠንካራ መከራከሪያ ይኸው ነው። ሆኖም የአንድ ደህና ዩፒኤስ ዋጋ ተጨምሮበትም በተመሳሳይ ገንዘብ የሚገዛው ዴስክቶፕ ከላፕቶፑ የበለጠ ይሠራል፤ ረጅም ኤክስፖርት ላይ በሙቀት ምክንያት እንደ ላፕቶፑ ፍጥነቱን አይቀንስም። ዩፒኤስ ስትገዙ የተጻፈው ቪኤ ከዋት እንደሚበልጥ አስተውሉ፤ 1,000 ቪኤ የሚል ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው 600 ዋት ገደማ ነው፤ ተግባሩም ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በሥርዓት እስክታጠፉ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። ሙቀቱንም አትናቁት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ይሆናል፤ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ውጭ አገር በቂ ነው የተባለ ማቀዝቀዣ እዚህ በጥቂቱ ሊያንስ ስለሚችል፣ አየር በደንብ የሚያስገባና የአቧራ ማጣሪያ ያለው ኬዝ መምረጥ ይበጃል።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ቀረጻ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ሊሸጥላችሁ ያሰበው ማሽን ላይ የምትሠሩበት ፕሮግራም ተጭኖ፣ ፋይሎቹን ወደ ማሽኑ ኤስኤስዲ ገልብጣችሁ፣ ሦስት ቪዲዮ በአንድ ታይምላይን ላይ ደርድራችሁ አጫውቱ፣ ወደ ኋላ መልሱ፣ ዝለሉ። የምትሠሩበት የፕሮግራም ዓይነት ራሱ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሊኑክስ ላይ ኤች 264ን ጨርሶ አይከፍትም። በዚያው ጊዜ የዊንዶውስን ታስክ ማኔጀር ክፈቱና በግራፊክስ ገጹ ላይ ቪዲዮ ዲኮድ የሚለውን መስመር ተመልከቱ፤ ግራፊክሱ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም እዩ። መስመሩ ከፍ ብሎ ፕሮሰሰሩ ዘና ካለ ማሽኑ ፋይላችሁን ያውቀዋል። መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ከደረሰ መጀመሪያ በፕሮግራሙ ምርጫዎች ውስጥ በሃርድዌር መፍታት መፈቀዱን አረጋግጡ፤ ተፈቅዶም ካልተለወጠ ሻጩን የተለየ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ዋጋው ከፊተኛው ሊያንስም ይችላል።